ሂውማን ጂኦግራፊ የራሱ የሚለው ምን አለው? የአንድ ክር ውሎ

ክር ስል በኢንተርኔት መድረክ ላይ አንድ ሰው ጠይቆ ሌሎች በተራ የሚመልሱበትን ውይይት ማለቴ ነው። ይህን ክር የከፈተው የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቱን ሊጨርስ የተቃረበ ተማሪ ነው። የትምህርት ክፍል መምረጫው ደርሷል፤ ልቡ ሰውና የሚኖርበትን ቦታ ወደሚያጠናው ወደ ሂውማን ጂኦግራፊ አዘንብሏል፤ ግን የኮርሶቹን ዝርዝር ባየ ቁጥር አንድ ጥርጣሬ ይመላለስበታል። ፍልሰቱ የሶሲዮሎጂ፣ የፋብሪካና የገበያ አቀማመጡ የኢኮኖሚክስ፣ ወሊድና ሞቱ የሥነ ሕዝብ፣ ድንበሩ የፖለቲካል ሳይንስ ነው። ከየጎረቤቱ አንዳንድ ዕቃ ተውሶ ቤት የሠራ ትምህርት የራሱ የሚለው ምን አለው ብሎ ጠየቀ። እዚህ ላይ ቢያቆም ጨዋ ጥያቄ ነበር። መጨረሻው ላይ ግን፣ ሁሉም ነገር የሚሆነው የሆነ ቦታ ላይ ስለሆነ ቦታን ማጥናት ምንንም አለማጥናት ነው የሚል ጨመረበት። ክሩን ያስረዘመው ይኸው ነው።

ምላሾቹን በተራቸው አወራችኋለሁ፤ ፍሬ የሌላቸውን ጠቅለል፣ ደህናዎቹ ላይ ቆም እያልኩ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ ምላሽ፦ ትሑት ነው። ጠያቂውን በአንቱታ አመስግኖ፣ ጂኦግራፊ አንድ ነገር ለምን እዚህ ሆነ፣ ለምንስ እዚያ አልሆነም ብሎ የሚጠይቅ ትምህርት መሆኑን ያስረዳል። ስህተት የለበትም። ግን ማንም የማይቃወመው መልስ ማንንም አያሳምንም፤ ይህን ጥያቄ እኮ ኢኮኖሚስቱም ይጠይቀዋል።

2ኛ ምላሽ፦ አንዲት መስመር ናት። የዋና ከተሞችን ስም ለመሸምደድ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም ትላለች። ከክሩ ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘችው እሷ ናት፤ እንግዲህ ምን ይደረጋል።

3ኛ ምላሽ፦ የመመረቂያ ዓመቷ ላይ ያለች ተማሪ በ2ኛው ተናዳ የጻፈችው ነው። ትምህርቱ ምን እንደሚሠራ ለማሳየት የ1854ቱን የለንደን ኮሌራ አመጣች። ሐኪሙ ጆን ስኖው ሟቾቹን በየቤታቸው ካርታ ላይ አሰፈረ፤ በብሮድ ስትሪት የውሃ ፓምፕ ዙሪያ መሰብሰባቸውን አየ፤ የፓምፑ እጀታ ተነቀለ፤ ወረርሽኙ ቆመ። ሕይወት ያተረፈው ካርታ ነው፣ ካርታ ደግሞ የእኛ ነው ብላ ዘጋች።

4ኛ ምላሽ፦ ታሪኩ በየክፍሉ የሚነገረው ተቆርጦ ነው ይላል፣ በለዘበ አነጋገር። ስኖው ኮሌራ በውሃ ይተላለፋል የሚለውን ሐሳብ ያሳተመው በ1849 ነው፤ ስለዚህ ሐሳቡን ካርታው አልወለደውም። እጀታው ሴፕቴምበር 8 ቀን ሲነቀል ነዋሪው ሰፈሩን ጥሎ እየሸሸ፣ የሟቹም ቁጥር ማሽቆልቆል ጀምሮ ነበር። ካርታው ራሱ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ማሳመኛ እንጂ መፈለጊያ አልነበረም።

3ኛዋ ዝም ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ዝም አላለችም፤ 5ኛውን ምላሽ ይዛ ተመለሰች፤ ከመጀመሪያው የተሻለውም ይህ ነው። የዘመን ቅደም ተከተሉን ተቀበለችና ሌላ ነገር አሳየች። ስኖው በ1855 ባወጣው ካርታ ላይ፣ ብሮድ ስትሪት ፓምፕ ከሌሎቹ ፓምፖች ይልቅ የሚቀርበው ለየትኞቹ ቤቶች እንደሆነ የሚለይ መስመር አስምሯል። ርቀቱን ግን በማስመሪያ ቀጥ አድርጎ አልለካውም፤ ሰው ውሃ ሊቀዳ በሚሄድባቸው መንገዶችና መተላለፊያዎች ነው የለካው። ሐኪም ይሁን እንጂ በዚያች መስመር የሠራው ሥራ የጂኦግራፊ ነው ብላለች። ለእኔ የክሩ የመጀመሪያ እውነተኛ መልስ ይህ ነበር።

6ኛ ምላሽ፦ ኢኮኖሚክስ ያጠና ሰው ነው፤ ከአንቱታው ወደ አንተ ወረደ። ሐኪሙን ወስዳችሁ፣ አሁን ደግሞ የእኛን ሰዎች ልትወስዱ ነው ይላል። ፎን ቲዩነን በ1826 ከተማን መሐል አድርጎ፣ ከከተማዋ በራቁ ቁጥር የሚመረተው ለምን እንደሚለያይ ያሰላው እንደ ኢኮኖሚስት ነው። ወተትና አትክልት ቶሎ ስለሚበላሹ ከከተማው ጥግ፣ እንጨት ለመጓጓዝ ከባድ ስለሆነ ቀጥሎ፣ እህል ከዚያ ወዲያ፣ በእግሩ ወደ ገበያ የሚነዳው ከብት ደግሞ መጨረሻ ላይ። አልፍሬድ ቬበር በ1909 ፋብሪካ የት ይተከል ሲል የጻፈውም ኢኮኖሚክስ ነው። ስም ቀይራችሁ ታስተምራላችሁ፣ ሌላ ምንም የላችሁም ብሎ ጨረሰ።

7ኛ ምላሽ፦ እነዚህን ሰዎች ኢኮኖሚክስ ራሱ ረስቷቸው ነበር ይላል። ለረጅም ጊዜ የመማሪያዎቹ ዓለም ርቀት የሌለበት፣ ሸቀጥ ያለ መንገድ የሚደርስበት ዓለም ነበር። አቀማመጥን ያቆዩት የጂኦግራፊ ክፍሎች ናቸው፤ የ2008 የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማት ለፖል ክሩግማን ሲሰጥ ከተጠቀሱት ሥራዎቹ አንዱ የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የት እንደሚሰበሰብ ያደረገው ትንተና ነው።

8ኛ ምላሽ፦ የ6ኛው ሰው ነው። ሽልማቱን የወሰደው ታዲያ ማን ነው፣ ጂኦግራፈር ነው? አለ። አጭር ናት፤ ትቆጠቁጣለች።

9ኛ ምላሽ ክሩን ወደ ጨለማ ጎኑ ወሰደው። ጸሐፊዋ የከተማ ፕላን ባለሙያ ናት። ስለ ሽልማት ከማውራታችን በፊት ስለ ጀርመናዊው ጂኦግራፈር ቫልተር ክሪስታለር እናውራ አለች። ክሪስታለር በ1933 የደቡብ ጀርመንን ከተሞች አጥንቶ፣ ትንንሾቹ በትልልቆቹ ዙሪያ ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ እየሠሩ እንደሚደረደሩ የሚገልጽ ንድፈ ሐሳብ አወጣ። እያንዳንዱ የጂኦግራፊ ተማሪ ያንን ባለ ስድስት ጎን ሥዕል ለፈተና ሥሎታል። ሰውዬው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ናዚ ጀርመን በያዘቻት ፖላንድ የሰፈራ ዕቅድ ላይ ሠርቷል፤ ዕቅዱ ነባሩን ነዋሪ ማፈናቀልን የሚጨምር ነበር። ሥዕሉን አስተምራችሁ ይህን የምትዘሉ መምህራን አላችሁ ስትል ወቀሰች፤ እሷ ራሷ የሰማችው ከተመረቀች በኋላ ነው።

10ኛ ምላሽ፦ ዕዳው ከዚያም ይረዝማል አለ። ጀርመናዊው ጂኦግራፈር ፍሪድሪሽ ራትሰል መንግሥትን እንደሚያድግ ሕያው አካል አድርጎ ከጻፈው ጀምሮ፣ አሜሪካዊቷ ጂኦግራፈር ኤለን ሴምፕል በ1911 የሕዝብን ጠባይ ከአየር ጠባይና ከመልክዓ ምድር እስከ መዘዘችው ድረስ፣ ትምህርቱ ለወራሪዎች ምክንያት ሲያቀብል ኖሯል። ዛሬ የሚያጠኑት የአባት ዕዳ ከፋዮች ናቸው። ለፈረንሳዩ ቪዳል ደ ላ ብላሽ ግን ምስጋና አልነፈገውም፤ ተፈጥሮ አማራጭ ታቀርባለች እንጂ አትወስንም የሚለው መስመር ቀድሞም ነበረና።

11ኛ ምላሽ፦ ይህን ሁሉ የምታውቁት እኮ ትምህርቱ ራሱ ስላስተማራችሁ ነው ይላል፤ ነጥብ አለው። ጂኦግራፈሩን ዴቪድ ሃርቪን ምሳሌ አድርጎታል። በ1969 የቁጥርና የሳይንሳዊ ማብራሪያ ዘዴን የሚያጸና መጽሐፍ ያወጣው ሰው፣ በ1973 ያው ዘዴ ስለ ከተማ ድህነትና ፍትሕ የሚለው አለመኖሩን የሚሞግት ሌላ አወጣ። የራሱን ክስ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚያስነብብ ሌላ ትምህርት አምጡልኝ አለ።

12ኛ ምላሽ፦ አንትሮፖሎጂ።

ከ13ኛ እስከ 17ኛ ያሉት መንገድ ስተዋል። አንዱ የመርካቶርን ካርታ አነሣ፤ በቃ። ግሪንላንድ ከአፍሪካ ጋር እኩል መስላ ትታያለች፣ አፍሪካ ግን 14 እጥፍ ትበልጣታለች፤ ይህ ሴራ ነው አለ። ሌላው ይኸው የመርካቶር የ1569 ካርታ የተሠራው ለመርከበኛ መሆኑን፣ የኮምፓስ አቅጣጫ ሳይቀየር የሚኬድበት መንገድ ቀጥ ያለ መስመር እንዲሆን ሲባል ስፋት መሥዋዕት መደረጉን አስረዳ። ሦስተኛው የአገሮችን ስፋት ሳያዛባ የሚያሳየውን የፔተርስን ካርታ አወደሰ፤ አራተኛው ይህንኑ ዓይነት ካርታ ጄምስ ጎል በ1855 ቀድሞ አውጥቶታል ብሎ ሽቅብ ተናገረው። አምስተኛው ስፋትን የሚጠብቀው፣ ኢኩዋል ኧርዝ የሚባለው የ2018 ካርታ እያለ በዚህ መጣላት ያሳፍራል አለ። አወያዩ ገብቶ ወደ ጥያቄው እንዲመለሱ አዘዘ። ልክ ነበር፤ ምንም እንኳ በየክሩ የሚነሣ ጭቅጭቅ ቢሆንም እኔ ይህን ጭቅጭቅ እወደዋለሁ።

18ኛ ምላሽ ላይ ደርሰናል፤ ጊዜ የሌላችሁ ይህን ብቻ ብታነቡ አይቆጨኝም። ጸሐፊው ከመረጃ ጋር እንደሚሠራ ብቻ ተናግሯል። የጠያቂውን አባባል፣ ሁሉም ነገር የሚሆነው የሆነ ቦታ ላይ ነው የሚለውን፣ ወስዶ ገለበጠው። የሆነ ቦታ ላይ ከሆነ፣ የቦታውን ወሰን ማን አሰመረው? በ1950 ሮቢንሰን የተባለ ተመራማሪ የአሜሪካን የ1930 ሕዝብ ቆጠራ መረመረ። በክፍለ ግዛት ደረጃ ሲታይ፣ ብዙ የውጭ ተወላጅ ባለበት ማንበብ የማይችለው ሰው ያነሰ ነው። በግለሰብ ደረጃ ሲታይ ግን ማንበብ የማይችለው ከውጭ ተወላጆቹ መሐል ይበዛል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ስደተኞቹ የሰፈሩት ቀድሞውኑ የተማረ ሰው በሚበዛባቸው ክፍለ ግዛቶች ስለነበር ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ስለ ስደተኞቹ የሚናገረው ሁሉ ተገላቢጦሽ ይሆናል።

ቀጥሎ የኦፐንሾውንና የቴይለርን የ1979 ሥራ አመጣ። በአሜሪካዋ አይዋ ክፍለ ግዛት ውስጥ 99 ካውንቲዎች፣ በእኛ አነጋገር ወረዳዎች፣ አሉ። በየካውንቲው ያለውን የአረጋውያን ድርሻ ከሪፐብሊካን መራጮች ድርሻ ጋር አነጻጸሩ፤ ከዚያ ካውንቲዎቹን በተለያየ መንገድ እያቧደኑ ስሌቱን ደገሙት። ሕዝቡም ድምፁም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማን ከማን ጋር እንደተቧደነ ብቻ ነው። ውጤቱ አንዴ ከሞላ ጎደል ፍጹም አዎንታዊ ዝምድና (አንዱ ሲጨምር ሌላውም የሚጨምርበት)፣ ሌላ ጊዜ ከሞላ ጎደል ፍጹም አሉታዊ ዝምድና (አንዱ ሲጨምር ሌላው የሚቀንስበት) ሆነ። ኢኮኖሚስቱም፣ ሶሲዮሎጂስቱም፣ ሐኪሙም ወረዳን እንደ ተሰጠ ነገር ተቀብለው ሥራ ይጀምራሉ፤ ጂኦግራፈር ሥራው የሚጀምረው ወረዳው ራሱ ጥያቄ ሲሆን ነው ብሎ ጻፈ።

የእኔም አቋም ይኸው ነው። ፍልሰትን ሌላውም ያጠናዋል፤ ግን አሥር ኪሎ ሜትር የተዛወረ ሰው ፈላሽ መባል አለመባሉ የሚወሰነው ወሰኑ የት ላይ እንደተሰመረ ነው፤ ይህን ጉዳይ ችላ የማይል አንድ ትምህርት መኖሩ ለሌሎቹም ይጠቅማቸዋል።

19ኛ ምላሽ፦ ያው የኢኮኖሚክስ ሰው። ሮቢንሰን ሶሲዮሎጂስት ነበር አለ። እውነቱን ነው። ኦፐንሾውና ቴይለር ግን ጂኦግራፈሮች መሆናቸውን ሳያነሣ አለፈ፤ 20ኛው ደግሞ ሳይምረው ይህንኑ አስታወሰው።

21ኛ ምላሽ የ18ኛውን ሐሳብ ወደ ከተማ አመጣው። ከ2007 ገደማ ጀምሮ ከዓለም ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የከተማ ነዋሪ ነው እየተባለ በየንግግሩ ይጠቀሳል። ይህ ድምር የተሠራው እያንዳንዱ አገር ከተማ የሚለውን ቆጥሮ ባቀረበው ቁጥር ነው። ዴንማርክ ውስጥ 200 ነዋሪ ያለው ሰፈራ የከተማ ይባላል፤ ጃፓን ውስጥ ከተማ ለመባል 50,000 ይጠየቃል። በ2020 የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን ለንጽጽር የሚሆን አንድ መለኪያ ተቀበለ፦ ምድርን በአንድ ኪሎ ሜትር ካሬ ከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ ቢያንስ 1,500 ሰው ያለባቸው ተያያዥ ካሬዎች በድምሩ 50,000 ከደረሱ ከተማ ናቸው። ጸሐፊዋ ይህን ኮርስ ከመውሰዷ በፊት ከተማ የሚለው ነገር ትርጉም የሚያስፈልገው አይመስላትም ነበር። አንድ ሰው ከሥር ይህ የቢሮክራት ጨዋታ ነው ብሎ ጽፎባታል፤ በጀት የሚደለደለው በዚሁ ጨዋታ መሆኑን መልሳ ነገረችው።

22ኛ ምላሽ ሞቅ ያለ ነው፤ ስለ ፍልሰት ለዶክትሬት የምትሠራ ሴት ናት። በየዜናው ፈላሽ ሲባል ሩቅ አገር የሚሄድ ወጣት ወንድ ነው የሚታየን፤ እሷም ይህንኑ ይዛ ነበር የገባችው። መጀመሪያ ሰሞን እንድታነብ የተሰጣት ግን ራቨንስታይን በ1885 የጻፈው ነው። የ1871ንና የ1881ን የብሪታንያ ቆጠራ ይዞ፣ አብዛኛው ሰው የሚዛወረው አጭር ርቀት መሆኑን፣ በአጭር ርቀት ከወንድ ይልቅ ሴት እንደምትበዛ፣ እያንዳንዱ የፍልሰት ጅረትም መልስ ጅረት እንዳለው አሳየ። መስክ ወጥታ ቃለ መጠይቅ ስታደርግ ተመላሾች በዙባት፤ አማካሪዋ ግን መጠይቁ ለሄዱት እንጂ ለተመለሱት አይደለም ብለው ሊያስወጧቸው ፈለጉ። የ1885ቱን ጽሑፍ ይዛ ቢሯቸው ገባች፤ ተመላሾቹ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሆኑ።

23ኛ ምላሽ፦ ሥራ አለው ወይ የሚለውን በመጨረሻ አንሥቷል፤ እስካሁን አለመነሣቱ ገርሞኛል። ጂአይኤስ (የቦታ መረጃን በኮምፒውተር አደራጅቶ ካርታ የሚያወጣውን ሥርዓት) ቻል፣ ትንሽ ፕሮግራሚንግ ጨምር፣ የቀረውን ንድፈ ሐሳብ እርሳው ይላል። ለዚህ የሚሆነው ኪውጂአይኤስ የተባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ዲግሪውን እንኳ ሳትጨርስ ትቀጠራለህ ብሏል።

24ኛዋ፣ ያቺው የፕላን ባለሙያ፣ አልማረችውም። እንዲህ ዓይነት ካርታ አዘጋጅ በየቢሮው ሞልቷል፤ በየወረዳው ቀለም ቀብቶ ያመጣል፣ ቀለሙ ስለምን እንደሆነ ስትጠይቀው ሶፍትዌሩ ነው ይላል አለች። ስድብ አከለችበት፤ እሱን እዘለዋለሁ።

25ኛ ምላሽ፦ ሁለቱን ለማስታረቅ ይመስላል፣ በ2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ የሆነውን አስታወሰ። ለእርዳታ ሠራተኞች የሚሆን የዋና ከተማዋ የፖርቶ ፕረንስ ዝርዝር ካርታ እጅ ላይ አልነበረም። በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች የሳተላይት ምስል እያዩ መንገዱንና ሕንፃውን ማንም ሊያርመው በሚችለው የኢንተርኔት ካርታ፣ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ፣ በአጭር ጊዜ ሣሉት። እሱ ራሱ ተማሪ ሆኖ ተሳትፏል። ሶፍትዌሩን በአንድ ከሰዓት ለመደው፤ ያስቸገረው የትኛው መንገድ ለመኪና እንደሚሆን፣ የትኛው ክፍት ቦታ የተፈናቃይ መጠለያ እንደሆነ ከላይ ሆኖ መለየቱ ነበር።

26ኛ ምላሽ፦ በአንድ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ነው፤ ስለ ሄገርስትራንድ ጻፈ። ይህ ስዊድናዊ ጂኦግራፈር በ1970 የሰውን ቀን እንደ መንገድ አየው። አካል እንቅልፍና ምግብ ይፈልጋል፤ ሰው ከሰው ጋር በተወሰነ ሰዓት በተወሰነ ቦታ መገናኘት አለበት፤ በሮች ደግሞ የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት ሰዓት አላቸው። እነዚህ ሦስቱ ሲደራረቡ፣ አንድ ሰው በአንድ ቀን ሊደርስባቸው የሚችላቸው ቦታዎች ካርታው ከሚለው በጣም ያነሱ ናቸው። በመሥሪያ ቤቱ አንድ ክሊኒክ ለሁሉም በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ነው ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ሥራ ገብታ፣ ልጅ የምታወጣ እናት ግን ክሊኒኩ ክፍት በሆነበት ሰዓት ፈጽሞ አትደርስበትም። ርቀቱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው የከለከላት። ይህን ለአለቆቹ ለማስረዳት ንድፈ ሐሳቡ ያስፈልገው ነበርና 23ኛውን ሰው በትሕትና፣ ግን ጠበቅ አድርጎ፣ እርሳው አትበል አለው።

27ኛ ምላሽ፦ ጠያቂው ራሱ ብቅ አለ። ጥርጣሬው ለቀቀው አልለቀቀው አልተናገረም፤ ስታቲስቲክስና የቃለ መጠይቅ ዘዴ በአንድ ሴሚስተር ቢጋጩ የቱን ልውሰድ ብሎ ብቻ ጠየቀ።

28ኛዋ፣ የፍልሰቷ ተመራማሪ፣ ስታቲስቲክሱን አሁን ውሰድ፣ ቃለ መጠይቁን መስክ ላይ ታገኘዋለህ አለችው። የ18ኛው ሰው በ29ኛ ምላሽ ተቃወመ፤ በእሱ ዘንድ ቁጥርን ከመጽሐፍ መማር ይቻላል፣ ሰውን አዳምጦ መጻፍ ግን አስተማሪ ይፈልጋል። ከመረጃ ጋር የሚሠራው ቃለ መጠይቅን፣ ሰው የምታናግረው ስታቲስቲክስን መምከራቸው አስቆኛል፤ ምናልባት ሁለቱም የጎደላቸውን ነው የነገሩት።

30ኛ ምላሽ፣ እስካሁን የመጨረሻው፣ የ3ኛዋ ተማሪ ነው። የቱንም ብትወስድ መስክ ከመውጣትህ በፊት የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ ማመልከቻህን አስገባ፣ መልሱ ሳምንታት ይወስዳል ትላለች። ቤት ለቤት ነጥብ ያለበት ካርታ ለማውጣት ካሰብክም ነጥቦቹን አዋህድ፣ ሰው ቤቱን እንዳይለይበት። በስንት በስንት ቤት ይዋሃዱ ለሚለው ከአማካሪህ ጋር ተነጋገር፤ እሷ በሁለት ዓይነት አዋህዳ ሁለት የተለያየ ካርታ ወጥቶላታል፣ መመረቂያ ጽሑፏ ውስጥም ሁለቱንም ጎን ለጎን ልታስገባ ነው።